የኮማንደሩን ሞት ስጠብቅ

አንድ ሰው እስኪሞትልኝ አሥራ አራት ዓመት ጠብቄአለሁ። ይህን ስናገር አላፍርም። ሰው ልጁ እስኪያድግለት ይጠብቃል፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ እስኪወጣለት ይጠብቃል፤ እኔ ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ቀብር ነበር የምጠብቀው። ቀብሩ እንዳያመልጠኝ ስል ክፍለ ሀገር ሰርግ ተጠርቼ የቀረሁበት ጊዜ ሁሉ አለ። ባለቤቴ የመንገዱ እንግልት አስመርሮኝ ይመስላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቃቂ ውስጥ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። በእኛ እድር ልማድ፣ አባል ሲሞት የሕይወት ታሪኩን የሚጽፈውም፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ የሚያነበውም ጸሐፊው ነው። ቤተሰቡ የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ስንት ልጅ እንደወለደ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ያመጣል፤ እኔ አሳምሬ እጽፈዋለሁ። ሰካራሙን "ተጫዋችና ሰው ወዳድ"፣ ቋጣሪውን "ቁጥብ"፣ ጎረቤቱን ሁሉ ፍርድ ቤት ያመላለሰውን "ለመብቱ ቆራጥ" እያልኩ ስንቱን ሸኝቻለሁ። ለአንድ ሰው ግን ሌላ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። የእሱን ታሪክ ገና በቁሙ ጻፍኩት። በየዓመቱ እያወጣሁ አስተካክለዋለሁ፤ ሳበቃ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍበታለሁ።

ሰውየውን ሰፈሩ ሁሉ "ኮማንደር" ይለው ነበር። እኔ ግን የማውቀው ሰፈራችን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት፣ ቀይ ባሕር ላይ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ስንቅና ውሃ የምታመላልስ መርከብ ላይ ነበርኩ፤ ሥራዬ የውሃው ፓምፕ ነበር። መርከባችን ፊልም ላይ እንደሚታዩት የጦር መርከቦች አልነበረችም። ያላት መሣሪያ አንድ መትረየስ ነው፤ እሱንም ጨው ስለበላው ግማሹን ጊዜ አይሠራም። የምትጭነው ዱቄት፣ ሽንኩርት፣ ላምባ፣ ጥይት፣ ደብዳቤ ነው፤ በበዓል ሰሞን ፍየልም ይጨመርበታል። ስትመለስ ቁስለኛ ይዛ ትመለሳለች። ከየብስ ተተኩሶባት ሁለት ጊዜ ተቀድዳ፣ ሁለቱንም ጊዜ በብረት ጠግነናት ወጥታለች። የፊተኛውን ጥገና ስሠራ የተቃጠልኩት ጠባሳ አሁንም ክንዴ ላይ አለ።

ከሁሉ በላይ ግን ጭነቷ ውሃ ነበር። ሠራዊቱ የሰፈረባቸው ትንንሽ ደሴቶች ላይ ጠብታ ምንጭ የለም። ዙሪያው ባሕር፣ መሬቱ ጨው፣ ላዩ ፀሐይ ነው። ስለዚህ ከአሰብ ሞልተን እንወጣና ከደሴት ደሴት እየዞርን በርሜል እንሞላለን። ወታደሮቹ መርከባችንን "ላሚቱ" ይሏታል። ሌላው መርከብ ሲመጣ ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ላሚቱ ስትመጣ ግን ይዘፍናሉ።

ከደሴቶቹ በትንሿ ላይ አብሮ አደጌ ነበር። ሁለታችንም የአቃቂ ልጆች ነን፤ አባቶቻችን ባቡር ላይ አብረው ሠርተዋል። ባሕረኛ ለመሆን የተመዘገብነውም ባንድ ቀን ነው። እሱ መነጽር ይዞ ባሕር የሚቃኝ ጠባቂ ሆነና ከአሥር ሰዎች ጋር እዚያች ድንጋይ ላይ ተጣለ። በሄድን ቁጥር የውሃ ጎማውን ጫፍ ከእጄ የሚቀበለኝ እሱ ነው። በርሜሉ ሳይሞላ በፊት ከጎማው አፍ ይጠጣል፤ አንገቱን ያርስና "ይሄ ውሃህ ዛሬም ዝገት ዝገት ይላል፣ የአቃቂ ወንዝ ይሻላል" ይለኛል። "ተወው እንግዲያ" እለዋለሁ፤ እሱ ግን ጎማውን አይለቅም።

በጦርነቱ መጨረሻ ገደማ ዋናው አዛዣችን ታሞ የብስ ላይ ቀረና መርከቧን ምክትሉ ይዞ ወጣ። ምክትሉ ኋላ ሰፈራችን "ኮማንደር" የተባለው ሰው ነው። ወሬው ሁሉ ስለ አማጽያኑ ፈጣን ጀልባዎች ነበር፤ ከደሴት ጀርባ ብቅ ብለው መትተው ይሰወራሉ ይባላል። በማግሥቱ ረፋድ ላይ ትንሿ ደሴት ታየችን። ዳርቻው ላይ በርሜሎቹ ተደርድረው፣ ሰዎቹም ቆመው ይታያሉ። ከወዲያ ማዶ አንድ ነጭ ነገር ተንቀሳቀሰ። እኔ የዓሣ አጥማጅ ሸራ ነው ያየሁት፤ ዛሬም እምልበታለሁ። ኮማንደሩ ግን ፊቱ አመድ መሰለ፤ መርከቧን እዚያው አዞራት።

ሙሉ የውሃ ታንክ ይዞ ወደብ መግባት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በዚያ ዘመን ግዳጅ ትቶ የተመለሰ አዛዥ ጥይት ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ኮማንደሩ ያንን ሁሉ የመጠጥ ውሃ መንገድ ላይ ባሕር ውስጥ ደፋው፤ በጉዞ መዝገቡም ላይ "ውሃ አስረክበን ተመለስን" ብሎ ጻፈ። አሰብ ስንደርስ በደህና በመመለሳችን አመሰገኑን።

ሌላ ጀልባ ደሴቲቱ ላይ የደረሰው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ከአሥራ አንዱ በሕይወት የተገኙት አራት ብቻ ነበሩ። አብሮ አደጌ ከአራቱ ውስጥ አልነበረም። ከተረፉት አንዱን ሆስፒታል ተኝቶ አገኘሁትና ሁሉንም ነገረኝ።

ደሴቲቱ ላይ አንድ ልማድ ነበራቸው። ለክፉ ቀን ብለው የሚያሽጉት አንድ በርሜል ውሃ አለ፤ ማንም አይነካውም። ላሚቱ ከሩቅ ስትታይ ግን ይከፈታል። ውሃ መጣ አይደል? እንግዲህ ያ በርሜል ይሟጠጣል፤ ሻይ ይፈላል፣ ጢም ይላጫል፣ በጨው የደረቀ ሸሚዝ ይለቀለቃል። ለመርከቧ ሰዎች ታጥቦ መቅረብ ወጉ ነበር። የዚያን ቀንም መጀመሪያ ያየን አብሮ አደጌ ነው። "ላሚቱ መጣች" ብሎ የተጣራው እሱ፣ በርሜሉን የከፈተውም እሱ ነው። ጠጡ፣ ተላጩ፣ የቀረውን ተረጫጩበት። ከዚያ መርከቧ ጎኗን አሳየቻቸው፤ ቀጥላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። አብሮ አደጌ እስኪመሽ ድረስ "ዞራ ነው፣ በወዲያ በኩል ልትመጣ ነው" እያለ መነጽሩን ከዓይኑ አላወረደም አለኝ። እኛ ጭራሽ ብንቀር ኖሮ ያ በርሜል ያቆያቸው ነበር። ታይተን መመለሳችን ነው የገደላቸው።

እንዴት አልጠላው? ንገሩኝ እስኪ።

ጦርነቱ አበቃ። መርከቧን የቀሩት ባሕረኞች ይዘዋት ባሕር ተሻገሩ፤ በሰው አገር ወደብ ላይ ተቆራርጣ ለብረት ተሸጠች ሲሉ ሰማሁ። እኔ በእግርም በጭነት መኪናም ብዬ አቃቂ ገባሁ። ቀጥታ የሄድኩት አብሮ አደጌ ቤት ነው። ለእናቱና ለእህቱ "በጥይት ነው፣ ወዲያው ነው፣ አልተሰቃየም" አልኳቸው። በጥም ሞተ ብዬ ለእናት እንዴት እነግራለሁ? ኋላ ብረታ ብረት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ለማቅለጥ የሚመጣውን ቁርጥራጭ ሁሉ ላሚቱ ትሆን እያልኩ አገላብጥ ነበር።

እህቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባችና ጡረታ እስክትወጣ እዚያው ሠራች። በኋላ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ደረሳትና ሄደች፤ የእኛን እድር ግን አለቀቀችም። ቀብር በተባለ ቁጥር በአውቶቡስና በታክሲ ተጋፍታ ትደርሳለች። እናቷን የቀበረላት እድር ነውና ወልዳ ትታው እንደሄደችው ልጅ ነው የምትሳሳለት።

ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ቀን እድሩ ስብሰባ ላይ አዲስ አባል መጣ ተባለ። ከኋላ ማጅራቱን አይቼ ነው ያወቅሁት። ዞር ሲል እሱም አወቀኝ። ተነሥቶ አቀፈኝና "ይሄ ልጅ ከእኔ ጋር የዋለ ነው" ብሎ ለሰው ሁሉ አሳየኝ። እኔም አቀፍኩት። እጄ ጀርባው ላይ ሳለ፣ የት ቦታ ቢወጋ እንደሚሻል ነበር የማስበው።

ሰፈሩ ወደደው። ካፌ በረንዳ ላይ ማኪያቶውን ይዞ የባሕሩን ታሪክ ያወራል። ላሚቱን እንደ ሚስቱ ነው የሚያነሣት። "ውሃ ሳላደርስ የተመለስኩበት ቀን የለም" ይላል። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ስኳር አማስላለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የተባለው እኔን አይተው ይመስለኛል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የአብሮ አደጌ እህት ነገር ነው። ወንድሟ የሞተበትን ባሕር የሚያውቅ ሰው ስላገኘች አባት ያገኘች መሰላት። በመጣች ቁጥር ቆሎ ቋጥራ ታመጣለታለች። አንድ ቀን ስለ ወንድሟ ስታወራለት "ሁሉም ጀግኖች ነበሩ፣ ልጄ" አላትና ቆሎውን ቃመ። እሷ እጁን ሳመች። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም የሚለኝ ይኖራል። ለራሴ የሰጠሁት መልስ ነበረኝ፦ በሕይወት ያለ ሰው ይከራከራል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ "ይቅር ተባባሉ" ተብሎ ጉልበት ይሳማል። ይቅርታ ደግሞ አልፈልግም ነበር። ሣጥን ፊት ግን ማንም አያቋርጥም። መላው ሰፈር ቆሞ ይሰማል፣ የሚመልስ የለም። እውነቱ እንደዚያ እንዲነገርበት ፈለግሁ፤ በነጠላውና በጃንጥላው መካከል፣ የገዛ ልጁ ፊት፣ የአብሮ አደጌ እህት ፊት።

ታመመ ሲሉኝ ከእድሩ ሰዎች ጋር ልጠይቀው ሄድኩ። ሌሎቹ ሳሎን ሲቀሩ እኔን ወደ መኝታው አስጠራኝ። ከስቶ ከአንሶላው አይለይም።

"የሕይወት ታሪኬን የምትጽፈው አንተ ነህ አይደል?" አለኝ።

"ልማዱ እንደዚያ ነው፣ ኮማንደር። ግን ምን ያስቸኩልዎታል፣ ይድናሉ።"

"ተው እባክህ። እንደምትጠላኝ አውቃለሁ።" ትንፋሹን ሰብስቦ ቀጠለ። "እንደፈለግህ ጻፈው። ብቻ ግማሹን አትተው።"

ስለ ኒሻኖቹ የሚያወራ መሰለኝ፤ በዚህ ጊዜም ኒሻን ይቆጥራል ብዬ አንጀቴ አረረ። "አልተውም" ብዬው ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳንጎራጉር ሹፌሩ "ጋሼ፣ ዛሬ ደስ ብሎዎታል" አለኝ። በዚያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት የሚለው ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቅ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በራችንን አለፈ። ቁርሴን እየበላሁ ነበር፤ ጨርሼ ነው የተነሣሁት። የኮማንደሩ ልጅ በኮምፒውተር የተጻፈ ገጽና አባቷ የባሕረኛ ልብስ የለበሰበትን ፎቶ ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

"ጋሼ፣ አብረውት ስለነበሩ የጎደለውን ይሙሉበት" አለችኝ።

"እሞላዋለሁ፣ ልጄ" አልኳት። የእሷን ወረቀት በግራ ኪሴ፣ የእኔን በቀኝ ኪሴ አደረግሁ።

ግቢው ሞልቶ ነበር። ጸሎቱ አበቃና ተጠራሁ። መነጽሬን አድርጌ የቀኙን አወጣሁ። የአብሮ አደጌ እህት ከሴቶቹ ፊት፣ ነጠላዋን አደግድጋ ቆማለች። መጀመሪያው እንደማንኛውም ነው፤ የት ተወለዱ፣ መቼ የባሕር ትምህርት ገቡ። ከዚያ የመርከቧን ታሪክ አነበብኩ። ምን ትጭን እንደነበር፣ ስንት ጊዜ ተመትታ እንደተነሣች፣ ለምን ላሚቱ እንደተባለች ስናገር ሰዉ ደስ ብሎት ራሱን ይነቀንቃል።

"አንድ ጊዜ ግን" ብዬ ቀጠልኩ፣ "ኮማንደሩ አሥራ አንድ ሰዎች ውሃ የሚጠብቁባት ደሴት ፊት ለፊት ደርሰው ፈርተው ተመለሱ። የሰዎቹን ውሃ ባሕር ውስጥ ደፉ። አስረክቤአለሁ ብለው ጻፉ። ሰዎቹ መርከቧን አይተው የመጨረሻ ውሃቸውን ጠጥተው ነበር። ሰባቱ በጥም ሞቱ። ከሰባቱ አንዱ የዚህ ሰፈር ልጅ ነው።" ስሙንም የአባቱንም ስም ጠራሁ።

የእድሩ ሊቀ መንበር የኮቴን ጫፍ ሳበኝ። "በቃ፣ በቃ" አለኝ በሹክሹክታ። አልበቃኝም። በርሜሉንም፣ መላጨታቸውንም፣ "ዞራ ነው" ማለቱንም እስከ መጨረሻው አነበብኩ። የኮማንደሩ ልጅ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሣጥኑ ታያለች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ስከት ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ፤ የታመመ ጥርስ ተነቅሎ የወጣ ያህል ቀለለኝ።

ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። "ሙት ወቃሽ አያድርገን" ሲሉ ይሰማኛል። ይበሉ። እኔ የምጠብቀው አንድ ሰው ነው። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን ሳስተካክል መጨረሻ ላይ የማየው የአብሮ አደጌን እህት ነበር፤ መጥታ ትከሻዬን ይዛ ስታለቅስ፣ "ደሙን መለስክልኝ" ስትለኝ።

መጣች። አላለቀሰችም። ወደ ውጭ ጠራችኝና አጥሩ ሥር ቆምን።

"በጥይት አይደለም ማለት ነው" አለች።

"አይደለም፣ እህቴ። ለእናታችሁ ስል ነው።"

"ውሃውን የደፋው ኮማንደሩ ነው?" አለችኝ።

"አነበብኩት እኮ፤ እሱ ነው።"

"በገዛ እጁ?"

መነጽሬን አውልቄ በኮቴ ጫፍ ጠረግሁት።

"እኔ ዕድሜዬን ፋብሪካ ነው የጨረስኩት" አለች። "አለቃ ማሽን ሲነካ አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ያዝዛል፣ የሚነካው ሌላ ነው። አንተ እዚያ መርከብ ላይ ሥራህ ምን ነበር?"

ታውቀዋለች። ከመዝመታችን በኋላ በላክነው የመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ ወንድሟ በእኔ እየቀለደ ጽፎላቸዋል። እኔ በሕይወቴ ስፈራ የኖርኩት ይቺን ጥያቄ ነው። የኮማንደሩን ሞት የጠበቅሁት ሽማግሌ እንዳይገባ አልነበረም። በሕይወት እያለ ብናገር "ቫልቩን የከፈትከው አንተ አይደለህም ወይ?" እንደሚለኝ አውቀው ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ያቺን ግማሽ ወረቀቱ ላይ አልጻፍኳትም።

"ፓምፑ ላይ" አልኳት። "እኔ ነኝ የከፈትኩት። ታዝዤ ነው። እምቢ ብል ይረሽነኝ ነበር።"

ይህን አልሰማችውም፤ ወይም ሰምታ አለፈችው።

"ስንት ሰዓት ፈጀ?"

"ሦስት ሰዓት ገደማ።"

"ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመህ ታይ ነበር?"

"ቆሜ።"

"እሱ እዚያ እንዳለ እያወቅህ።"

"እያወቅሁ።"

እንድትሰድበኝ፣ እንድትመታኝ ፈለግሁ። የነጠላዋን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለሰችና ወደ ታክሲዎቹ አየች። የኮዬ ፈጬው ረዳት እየተጣራ ነበር።

"መጥተህ የነገርከን ቀን" አለች፣ "እናቴ እያለቀሰች እግርህን አጥባሃለች።"

ሄደች። አዎ፣ አጥበውኛል። መንገደኛ ነህ፣ ደክሞሃል ብለው አስቀምጠውኝ ነበር። ለብ ያለ ውሃ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቀየሩልኝ።